መልሶ የሚያስተነፍስ መሣሪያ፦ የጥልቅ ውኃ ጠላቂዎች ሥልጠናና ሥነ ሥርዓት ለሰመመን አሰጣጥ ያለው ትምህርትና ጉድለቱ

መግቢያ

የጣና ሐይቅ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ከፎገራ ሜዳ ዳርቻ በደንገል ታንኳ ተነሥቶ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ስለ ጥልቅ ጠለቃ መሣሪያ ሊያስብ የሚችልበት ምክንያት የለም። የወረታ ገበሬም ቢሆን ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው የሩዝ ማሳውን ሲያለብሱበት የሚጨነቀው ስለ ሰብሉ፣ ስለ ከብቱና ስለ መንገዱ ነው። ስለዚህ ሪብሪዘር ስለሚባለው የጠላቂዎች መሣሪያ በጤና ባለሙያዎች መጽሔት ላይ መጻፍ በመጀመሪያ እይታ ከጉዳዩ የራቀ ሊመስል ይችላል።

ይሁን እንጂ የዚህ መሣሪያ የቅርብ ዘመድ በቀዶ ሕክምና ክፍሎች ውስጥ ይገኛል። ከወረታ ምጥ የጠናባት እናት ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ተጽፎላት ስትሄድና ሙሉ ሰመመን ሲያስፈልጋት፣ የምትተነፍስበት ዙር ሠርቶ አየር መላሽ የሰመመን መሣሪያ ከጠላቂው መሣሪያ ጋር በአንድ መርሕ የሚሠራ ነው። ሁለቱም ሰው ያስወጣውን ትንፋሽ ተቀብለው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በሶዳ ላይም አጥበው፣ የጎደለውን ኦክሲጅን ጨምረው መልሰው ያስተነፍሳሉ። ሁለቱም የሚገድሉት በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ የሚጠበቁትም በተመሳሳይ ሥነ ሥርዓት ነው።

ጠላቂዎቹ ባለፉት ሃያ ዓመታት ስለ አደጋዎቻቸው ብዙ ጽፈዋል። ከጸሐፊዎቹም መካከል ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነው ራሳቸው የሰመመን ሐኪሞች ናቸው። እነዚህ ጽሑፎች ምን ያህል ይጸናሉ? ከሚጸናውስ ውስጥ ለፎገራ ሜዳና ለመሰል አካባቢዎች የሚበጀው የቱ ነው? የዚህ ሂስ ዓላማ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መመርመር ነው።

አንድ መርሕ፣ ሁለት ሙያ

እንግሊዛዊው ሄንሪ ፍልዩስ የተነፈሰውን አየር መልሶ የሚያስተነፍስ የውኃ ውስጥ መሣሪያ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1878 ገደማ ነበር። ከአርባ ዓመታት በኋላ አሜሪካውያኑ ዴኒስ ጃክሰንና ራልፍ ዋተርስ ይህንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የማጠብ ዘዴ በሰመመን አሰጣጥ ላይ አዋሉት። የጀርመኑ ድሬገር ኩባንያ ደግሞ ለማዕድን ቆፋሪ፣ ለጠላቂና ለቀዶ ሕክምና ክፍል የሚሆኑ መሣሪያዎችን ጎን ለጎን ሲሠራ ኖሯል።

የሁለቱም ሙያ ምክንያት ቁጠባ ነው። ዕረፍት ላይ ያለ ጎልማሳ በደቂቃ የሚጠቀመው ኦክሲጅን 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የሚተነፍሰው አየር ግን ከ5 እስከ 6 ሊትር ነው። ትርፉ ሁሉ ወደ ውጭ ከወጣ ብክነት ነው። 90 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ጠላቂ ግፊቱ አሥር እጥፍ ስለሚሆን፣ በተለመደው ክፍት መሣሪያ ቢተነፍስ በየደቂቃው እስከ 200 ሊትር ጋዝ ከሲሊንደሩ ሊያወጣ ይችላል፤ ሰውነቱ የሚፈልገው ኦክሲጅን ግን ከ1 ሊትር ብዙ አይበልጥም። በሆስፒታልም ቢሆን ዙር ሠርቶ የሚመለሰው ሥርዓት ኦክሲጅንንና የሰመመን መድኃኒትን ይቆጥባል። የኦክሲጅን ሲሊንደር በመኪና ተጭኖ በሚመጣበት፣ ያም መኪና በክረምት ሊዘገይ በሚችልበት አካባቢ ይህ ቁጠባ ቅንጦት አይደለም።

ነገር ግን ቁጠባው ዋጋ አለው። ክፍት መሣሪያ ሲበላሽ ተጠቃሚው ወዲያው ያውቃል፤ አየር ያጥረዋልና። የተዘጋው መሣሪያ ግን እየሠራ እየመሰለ ሊበላሽ ይችላል። ከረጢቱ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ደረት ከፍ ዝቅ ይላል፤ በውስጡ ያለው ጋዝ ግን ሕይወትን የማያቆይ ሊሆን ይችላል።

ሦስቱ አደጋዎች

የመጀመሪያው የኦክሲጅን እጥረት ነው። ሰውን «ታፈንሁ» የሚያሰኘው በዋናነት የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን መጨመር እንጂ የኦክሲጅን መቀነስ አይደለም። ሶዳ ላይሙ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በሚገባ እያጠበ ኦክሲጅን መጨመሩ ቢቋረጥ፣ ጠላቂው አንዳች ጭንቀት ሳይሰማው ራሱን ይስታል። ሁለተኛው የኦክሲጅን መብዛት ነው። የኦክሲጅን ከፊል ግፊት ከ1.6 ባር ሲያልፍ ጠላቂውን ያለ ማስጠንቀቂያ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊከሰት ይችላል፤ ይህ በቀዶ ሕክምና ክፍል የሚያሰጋ አይደለም። ሦስተኛው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት ሲሆን፣ የሚመጣው ሶዳ ላይሙ ሲደክም፣ በትክክል ሳይሞላ ሲቀር፣ ወይም የአንድ አቅጣጫ ክዳኖች ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው።

በኦክሲጅን የበለጸገ ጋዝ ለሚተነፍስ ሰው ሦስተኛው አደጋ ከሁሉ ይበልጥ ስውር ነው። ፐልስ ኦክሲሜትሩ 98 በመቶ እያሳየ የደም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከእጥፍ በላይ ሊደርስ ይችላል። ፐልስ ኦክሲሜትር ስለ ኦክሲጅን እንጂ ስለ አየር ዝውውር አይመሰክርም። ስለ ኦክሲጅንም ቢሆን የሚመሰክረው ዘግይቶ ነው፤ ሳንባው በኦክሲጅን ተሞልቶ ከነበረ መሣሪያው የሚጮኸው ችግሩ ከተፈጠረ ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው አባባል ይህን ሁኔታ በሚገባ ይገልጸዋል።

የስሜት ምስክርነት

ጠላቂዎች ለብዙ ዓመታት ሲማሩት የኖሩት አንድ ልማድ አለ። ውኃ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት አፍንጫቸውን ይዘው ለአምስት ደቂቃ ያህል ከመሣሪያው ይተነፍሳሉ። ሶዳ ላይሙ ካልሠራ ራስ ምታት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም መደናገር ስለሚሰማቸው ያውቁታል የሚል እምነት ነበር። ልማዱ በሥልጠና መጻሕፍት ሰፍሮ፣ በአሠልጣኞች ተደግሞ፣ እንደ እውነት ተቆጥሮ ቆይቷል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የኒውዚላንዱ የሰመመን ሐኪም ሳይመን ሚቸልና ባልደረቦቻቸው ይህን እምነት በሙከራ ፈተኑት። ጠላቂዎቹ የትኛው ሁኔታ እንደተሰጣቸው ሳያውቁ፣ አንድ ጊዜ ሶዳ ላይም ከጎደለው፣ አንድ ጊዜ በከፊል ከተበላሸ፣ አንድ ጊዜም ከደኅና መሣሪያ እንዲተነፍሱ ተደረገ። ሶዳ ላይም ፈጽሞ በሌለበት ጊዜ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ችግሩን ተረድተው አቆሙ። በከፊል በተበላሸው ጊዜ ግን ያቆሙት ከአሥር አንዱ ገደማ ብቻ ነበሩ።

የዚህ ጥናት ጥንካሬ የውጤቱ ግልጽነት ነው። ሰዎቹ ሥልጠና የወሰዱ ናቸው፤ ምልክቱን እንዲጠብቁ ተነግሯቸዋል፤ ያረፉትም በደረቅ ምድር ላይ ነው። እንዲያም ሆኖ ብዙዎቹ አልተሰማቸውም። የጥናቱ ጉድለት የተሳታፊዎቹ ቁጥር ጥቂት መሆኑና ሙከራው ከእውነተኛው የውኃ ውስጥ ሥራ የራቀ መሆኑ ነው፤ ይህ ጉድለት ግን መደምደሚያውን የሚያጠነክር እንጂ የሚያላላ አይደለም። ሥራ የበዛበትና የፈራ ሰው ከተቀመጠ ሰው ይልቅ ምልክቱን የመሳት ዕድሉ ይሰፋልና።

ለሰመመን ባለሙያ የሚተርፈው ትምህርት ከዚህ ይከፋል። ጠላቂው ቢያንስ የራሱን ሰውነት የመጠየቅ ዕድል አለው። በሰመመን ላይ ያለች እናት ግን «ራሴን አመመኝ» ማለት አትችልም። ላብ፣ የልብ ምት መጨመርና የደም ግፊት መውጣት ሊታዩ ቢችሉም፣ ሁሉም ለሕመም ወይም ለሰመመን መሳሳት ሊሰጡ የሚችሉ ምልክቶች ናቸው። የትንፋሿን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ ካፕኖግራፍ በሌለበት ክፍል፣ ሶዳ ላይሙ መቼ እንደተቀየረ በጽሑፍ ማወቅ ብቸኛው መከላከያ ነው።

በዚህ ላይ የቀለሙ ማታለል ይጨመራል። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ሶዳ ላይም ሲደክም ከነጭ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል። ነገር ግን የደከመው ሶዳ ላይም ሌሊቱን ሲያርፍ ቀለሙ ተመልሶ ሊነጣ ይችላል፤ አቅሙ ግን አይመለስም። ማታ ወይን ጠጅ ሆኖ የተተወውን ጠዋት ነጭ ሆኖ ያገኘው ባለሙያ አዲስ ነው ብሎ ቢያምን አያስደንቅም። ጠላቂዎቹ ቀለምን ትተው ያገለገለበትን ሰዓት መዝግበው መጣልን የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው። በቆርቆሮው ላይ የተሞላበትን ቀን የሚጽፍ እስክሪብቶ ከመሣሪያው ጋር በክር ታስሮ መቀመጥ ይችላል፤ ዋጋውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የዴቪድ ሾው ሞት

አውስትራሊያዊው የአውሮፕላን አብራሪ ዴቪድ ሾው እ.ኤ.አ. በጥር 2005 በደቡብ አፍሪካ ቦስማንስጋት በሚባል ውኃ የሞላበት ዋሻ ውስጥ በ270 ሜትር ጥልቀት ሞተ። ወደዚያ የወረደው ከዐሥር ዓመት በፊት የሞተን የአንድ ወጣት ጠላቂ አስከሬን ለማውጣት ነበር። በራሱ ላይ የነበረው ካሜራ የመጨረሻ ደቂቃዎቹን ቀርጾ አስቀርቷል። ሚቸልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ትንተና ለሞቱ ምክንያት የሆነው የመተንፈስ ሥርዓት መድከምና የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት መሆኑን አሳይተዋል። በዚያ ጥልቀት ጋዙ እጅግ ስለሚወፍር መተንፈሱ ራሱ ከባድ ሥራ ይሆናል። አስከሬኑ ከታሰበው ውጭ መንሳፈፍ ሲጀምርና ገመድ ሲጠላለፍበት ሾው ይበልጥ ሠራ፤ በሠራ ቁጥር ይበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አመነጨ፤ ያንን ግን አስወጥቶ መጨረስ አልቻለም።

ይህ ትንተና በጠላቂዎቹ ጽሑፎች ውስጥ ከሚገኙት ምርጦቹ አንዱ ነው፤ የሟቹን ጀግንነት ሳያሳንስ የትንፋሹን ቁጥር አንድ በአንድ ቆጥሯልና። ሾው ልምድ ያለው፣ የተዘጋጀ፣ ረዳቶች ያሉት ሰው ነበር። ያጠፋው የዝግጅት ማነስ አልነበረም። ሥራው ከዕቅድ ሲወጣ «ይበቃል፤ ልመለስ» የሚልበት ወሰን በጊዜው አልተከበረም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የማቆሚያው ወሰን መወሰን ያለበት ሥራው ከመጀመሩ በፊት፣ አእምሮ ገና በጸዳበት ሰዓት መሆኑ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጀመሪያ ከሚያጠፋቸው ነገሮች አንዱ የማቆም ፍርድ ነው።

«የሰው ስሕተት» የሚለው ፍርድ

የሜልቦርኑ ሐኪም አንድሩ ፎክ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት በሪብሪዘር የሞቱ 181 የመዝናኛ ጠላቂዎችን ጉዳይ ሰብስበው በ2013 አሳትመዋል። እንደ ግምታቸው የሪብሪዘር ተጠቃሚ የመሞት ዕድል ከክፍት መሣሪያ ተጠቃሚ ከአራት እስከ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ከሞቱት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከአደገኛ ባሕርይ ጋር የተያያዘ ነገር ተገኝቶባቸዋል፤ ለምሳሌ ማስጠንቀቂያው እየጮኸ ወይም የመሣሪያው ብልሽት እየታወቀ ጠለቃውን መጀመር ወይም መቀጠል። ለሞት የተለየ ተጠያቂ የሆነ የመሣሪያ ዓይነት አልተገኘም።

ይህ ሥራ ሁለት ድክመት አለው። የመጀመሪያውን ጸሐፊው ራሳቸው አልሸሸጉትም፤ የሞቶቹ መረጃ ያልተሟላ፣ የጠለቃዎቹም ብዛት ግምት ነው። ሁለተኛው በአንባቢዎቹ ዘንድ የተፈጠረ ነው። «ሁለት ሦስተኛው የባሕርይ ችግር ነው» የሚለውን ያነበቡ ብዙዎች ነገሩ የሥነ ሥርዓት የለሾች ጉዳይ ነው ብለው ዘጉት። ሟቹ ተወቀሰ፤ ሕያው ራሱን ከእርሱ ለየ። ነገር ግን አንድ ዓይነት ባሕርይ በልዩ ልዩ አገር፣ በልዩ ልዩ መሣሪያ፣ በልዩ ልዩ ሰው ላይ ከታየ፣ መመርመር ያለበት የግለሰቡ ጠባይ ብቻ አይደለም። ሰዎች የሚጮኸውን ማስጠንቀቂያ የሚያልፉት ቀድሞ በሐሰት ስለጮኸባቸው፣ ለጉዞው ብዙ ስላወጡ፣ ጓደኞቻቸው ስለሚጠብቋቸው፣ ባለፈው ጊዜም አልፈውት ምንም ስላልሆኑ ነው።

ምልክትን በለመዱት ነገር የመተርጎም ፈተና ለፎገራና ለአጎራባቹ ሊቦ ከምከም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም የካላዛር ወረርሽኝ መሆኑ ከመረጋገጡ በፊት፣ ትኩሳቱ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ተወስዶ ነበር። ወባ በሚበዛበት አካባቢ ትኩሳትን ወባ ማለት ስንፍና ሳይሆን ልማድ ነው። ያንን የሰበረው ወቀሳ አልነበረም፤ መድኃኒቱ ያልሠራላቸውን ሕሙማን እንደገና መመርመር ነበር። በሰመመን ክፍልም የማስጠንቀቂያ ድምፁን ያጠፋውን ባለሙያ ከመውቀስ በፊት ድምፁ በቀን ስንት ጊዜ በሐሰት እንደሚጮኽ መቁጠር ይቀድማል።

የማረጋገጫ ዝርዝርና ነፍሱ

እ.ኤ.አ. በ2012 በኦርላንዶ የተሰበሰበው የሪብሪዘር ባለሙያዎች ጉባኤ ካወጣቸው ምክሮች አንዱ በጽሑፍ የተዘጋጀ የማረጋገጫ ዝርዝር መጠቀም ነው። ሐሳቡ ለጤና ባለሙያዎች አዲስ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሲሆን፣ የሰመመን መሣሪያው መፈተሹንና ፐልስ ኦክሲሜትሩ መሥራቱን ይጠይቃል። በስምንት ከተሞች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 በታተመው ጥናት የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ መውረዱ ተዘግቧል። ይኸው ዝርዝር በካናዳ ኦንታሪዮ በ101 ሆስፒታሎች ከተደነገገ በኋላ በ2014 የታተመው ጥናት ግን ጉልህ ለውጥ አላገኘም።

ዝርዝሩ አንድ ነው፤ ውጤቱ ተለያየ። ስለዚህ የሚያድነው ወረቀቱ ብቻ አይደለም። አንዱ ጮክ ብሎ እያነበበ ሌላው እጁን መሣሪያው ላይ አድርጎ ሲመልስ የሚሠራ ዝርዝርና፣ ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ በአንድ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ምልክት የሚደረግበት ዝርዝር በፋይሉ ውስጥ አንድ ይመስላሉ። የጠላቂዎቹ ጽሑፎች ዝርዝሩን አብዝተው ያወድሳሉ እንጂ፣ ዝርዝሩ «አይሆንም» ባለ ጊዜ ሥራውን የማስቆም ሥልጣን የማን እንደሆነ በቂ አልጻፉም። በሆስፒታል ውስጥ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። ወጣት የሰመመን ባለሙያ ለከፍተኛ ቀዶ ሐኪም «መሣሪያው ገና አልተፈተሸም፤ ይቆዩ» ማለት ካልቻለ፣ ዝርዝሩ ጌጥ ነው።

የፎገራ ከፍታና ክረምት

ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት 610 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። ስለዚህ ተራ አየር የሚተነፍስ ሰው ወደ ሳንባው የሚያስገባው ኦክሲጅን ከፊል ግፊት 118 ያህል ሲሆን፣ በባሕር ወለል ላይ ያለው 150 ያህል ያገኛል። 30 በመቶ ኦክሲጅን እዚህ የሚሰጠው ጥቅም በባሕር ወለል ላይ ካለ ተራ አየር እምብዛም አይበልጥም። በባሕር ወለል የተጻፈ የሥልጠና መጽሐፍ የሚፈቅደው የስሕተት ዳርቻ በዚህ ከፍታ ይጠባል።

ጠላቂዎቹ አጥብቀው የሚያስተምሩት ሌላው ነገር የኦክሲጅን መለኪያው ሕዋስ ጠባይ ነው። ሕዋሱ የሚለካው ከፊል ግፊትን እንጂ መቶኛን አይደለም፤ ተሠርቶ ከወጣበት ቀን ጀምሮም በመደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ እንኳ ያረጃል። በባሕር ወለል 21 ተብሎ የተስተካከለ መለኪያ እንዳለ ወደ ወረታ ከፍታ ቢመጣ በተራ አየር 17 ገደማ ያሳያል። «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚነቀለው ደኅና መለኪያ ሊሆን ይችላል። ከውጭ በእርዳታ የመጣ መሣሪያ በቦታው ካልተስተካከለ፣ ሕዋሱም የሚቀየርበት በጀት ካልተያዘለት፣ የሚያሳየው ቁጥር ከባዶ ሰሌዳ ይልቅ ያሳስታል።

ከሁሉ በላይ ግን ከጠላቂዎቹ ሊወሰድ የሚገባው የመውጫ መንገድ ሥርዓታቸው ነው። ሥነ ሥርዓት ያለው ጠላቂ ከዋናው መሣሪያ ውጭ እስከ ውኃው ወለል የሚያደርሰው ክፍት ጋዝ ሳይዝ አይገባም። ጥርጣሬ ሲገባው ምክንያቱን ከመመርመሩ በፊት ወደ እርሱ ይዞራል። መጀመሪያ ይተነፍሳል፤ ምርመራው ከዚያ በኋላ ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል የዚህ አቻ በሕመምተኛው ራስጌ የተቀመጠ የተፈተሸ አምቡ ባግና ከመሣሪያው የተለየ ሙሉ የኦክሲጅን ሲሊንደር ነው። ዙሩ ሲያጠራጥር መንቀል፣ በአምቡ ባግ መተንፈስ፣ ሰመመኑን በኬታሚን መቀጠል፤ ምክንያቱን መፈለግ ከዚያ ይከተላል።

እዚህ ላይ የንጽጽሩ ወሰን ይገለጣል። ጠላቂ መሣሪያው ካጠራጠረው የዛሬውን ትቶ ነገ መግባት ይችላል። በእ.ኤ.አ. 2006 ክረምት እንደሆነው የፎገራ ሜዳ በጎርፍ ሲሸፈን፣ ወደሚቀጥለው ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ ሲቆረጥና የማሕፀን መተርተር የሚያሰጋት እናት ጠረጴዛው ላይ ስትሆን፣ «ለነገ ይተላለፍ» የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የጠላቂዎቹ «ከተጠራጠርህ አትግባ» የሚለው ሕግ እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። «ከተጠራጠርህ በሌላኛው መንገድ ሂድ» ተብሎ መተርጎም አለበት፤ ያ ሌላኛው መንገድ፣ የጀርባ ሰመመን ይሁን ኬታሚን፣ ምጥ ሳይመጣ የተለማመዱት መሆን ይገባዋል።

ሥልጠና ወይስ የምስክር ወረቀት

ኢትዮጵያ ቀዶ ሕክምናን ከትልልቅ ከተሞች ለማውጣት ብዙ ሠርታለች። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ሠልጥነዋል፤ ጎንደርን ጨምሮ በዩኒቨርሲቲዎች የሰመመን ባለሙያዎች ይመረቃሉ። ቁጥሩ መጨመሩ የሚመሰገን ነው። ጥያቄው ከምረቃ በኋላ ያለው ነው።

የጠላቂ የምስክር ወረቀት ለአንድ የመሣሪያ ዓይነት ብቻ የሚያገለግል ነው፤ ሌላ ዓይነት መሣሪያ መጠቀም የፈለገ እንደገና ይሠለጥናል። በሆስፒታል ግን አዲስ የሰመመን መሣሪያ ሲመጣ የሚሰጠው ትምህርት ብዙ ጊዜ የአንድ ከሰዓት ገለጻ ነው፤ በዕለቱ ተረኛ ያልነበረው ከጓደኛው ይማራል፣ ከጓደኛው የተማረው ለሌላው ያስተላልፋል። አበልና ወረቀት ያለበት አውደ ጥናት በሆቴል አዳራሽ ይካሄዳል፤ መሣሪያው ግን ያለው በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ነው። የመጥፋት ልምምድ፣ ማለትም ኦክሲጅኑ ሆን ተብሎ ተዘግቶ ባለሙያው በስንት ሰከንድ እንደሚያውቅና ምን እንደሚያደርግ ሕመምተኛ በሌለበት መፈተን፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ሆኖ ሳለ እምብዛም አይታይም።

ማጠቃለያ

የጠላቂዎቹ ጽሑፎች ታላቅ ዋጋ ሐቀኝነታቸው ነው፤ የራሳቸውን ልማድ ፈትነው ሐሰት ሆኖ ሲያገኙት አሳትመዋል። ጉድለታቸው ደግሞ አደጋውን በአብዛኛው የግለሰብ ምርጫ አድርገው ማየታቸው ነው። ጠላቂ የሚተነፍሰው ራሱ ከፈተሸው መሣሪያ ነው፤ ቸልታው የሚጎዳው በቅድሚያ እርሱን ነው። የሰመመን ባለሙያ ግን ከዙሩ ውጭ ተቀምጦ ሌላ ሰው የሚተነፍስበትን ይጠብቃል። ስለዚህ የሚጠበቅበት ሥነ ሥርዓት ከጠላቂው ማነስ ሳይሆን መብለጥ ይኖርበታል።

የሚያስፈልገው ነገር ጥቂትና ርካሽ ነው። ሶዳ ላይም በተሞላበት ቀን ይጻፍበት፤ በቀለሙ አይታመን። የኦክሲጅን መለኪያው በሚሠራበት ከፍታ ላይ ይስተካከል። አምቡ ባጉና የተጠባባቂው ሲሊንደር በየማለዳው ይፈተሹ። ዝርዝሩ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ «ይቆዩ» የማለት ሥልጣንም ለሰመመን ባለሙያው በጽሑፍ ይሰጠው። የመጥፋት ልምምድ በየወሩ ይደረግ። የካፕኖግራፍ ግዢ በጀት በሚያዝበት ጊዜ ከመጨረሻው መስመር ወደ መጀመሪያው ይምጣ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ይህ ሁሉ ርብና ጉማራ ከመሙላታቸው በፊት፣ በበጋው የሚሠራ ሥራ ነው።